የማያልቀው የባትሪ ድንጋይ

በእኛ አገር የባትሪ ድንጋይ አንዴ ስለሞተ ብቻ አይጣልም። ሲደክም ይወጣና ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይገባና ይሠራል። እንደገና ሲደክም ወገቡን በጥርስ ይነከሳል፤ ጥርስ ያረፈበት ድንጋይ ሌላ ግማሽ ቀን ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ብብት ውስጥ ገብቶ ይሞቃል፣ አለዚያም ምድጃ ዳር ያድራል። አንኮበር ብርድ አገር ነው፤ ብርድ ደግሞ ከሰው በፊት ድንጋይ ይገድላል። የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ። እኔ በዚህ መላ ስንት ዓመት ሬዲዮ ሰምቼበታለሁ።

ነገሩን የማነሳው ግን የድንጋይ አያያዝ ለማስተማር አይደለም። አንድ ጥንድ ድንጋይ ከልኩ በላይ ኖረልኝ። ለምን እንደኖረ አልጠየቅኩም። ያን ባለመጠየቄ በአባቴ ላይ የደረሰውን እስከ ዛሬ ከሆዴ ማውጣት አልቻልኩም።

ድንጋዮቹ የገቡባትን የእጅ ጌም የገዛኋት ደብረ ብርሃን፣ ገበያው ዳር ላስቲክ ዘርግቶ ቻርጀርና የእጅ ሰዓት ከሚሸጥ ሰውዬ ነው። መዳፍ የምታክል ግራጫ ዕቃ ናት። ከመስኮቷ አናት ጥቋቁር ቅርጾች ይወርዳሉ፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ጎባጣ፣ አንዱ አራት ማዕዘን። እያዞሩ ከታች ማሰካካት ነው። አንድ ረድፍ ያለ ቀዳዳ ሲሞላ ይጠፋል፤ ካልሞላ ይከመራል፤ ክምሩ አናት ከደረሰ ጨዋታው አበቃ። ልጆች ስልክ ላይ መኪና በሚነዱበት በዚህ ዘመን ይቺ የጥንት ዕቃ ናት። የገዛኋት ለእህቴ ልጅ ብዬ ነበር። ትሠራ እንደሆነ ልሞክራት ብዬ ቁጭ አልኩ፤ በዚያው የኔ ሆና ቀረች።

አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ፤ ሥሬ ያሉት ሴቶች ሲያዩኝ ወሬያቸውን ያቆማሉ። እንዲህ ያለች ሴት ጌም ይዛ ብትገኝ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ስለዚህ ደብረ ብርሃን አላኖርኳትም፤ አንኮበር አባቴ ቤት ወስጄ እዚያው አስቀመጥኳት።

የአባቴ ቤት ከአንኮበር ከተማ ቁልቁል የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። የመብራት ምሰሶ ከተተከለ ቆይቷል፤ ገመዱ ግን አልደረሰም። ስልኬን የምሞላው በጎረቤታችን ሶላር ነው፤ ያንንም ከፋብሪካ ቢደወል ብዬ እቆጥበዋለሁ እንጂ አልጫወትበትም። ጌሟ ግን ጣት የሚያካክሉ ሁለት ትንንሽ ድንጋዮች ትጎርሳለች፣ በቃ። ችግሩ እንደኛ ቤት ባለ ብርድ አርብ ማታ የገባ ድንጋይ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ማቃሰት ይጀምራል። መጀመሪያ ድምፅዋ ይሰልላል። ከዚያ ጥቋቁሮቹ ቅርጾች እየገረጡ ይሄዱና ከመስኮቱ ጋር ይመሳሰላሉ።

አባቴ የባና ሸማኔ ነበሩ። ከበግ ጠጉር የሚሠራ፣ ዝናብ የማያሳልፍ፣ ሦስት ልጅ ከሥሩ የሚያስተኛ ባና። ገበያው የፋብሪካ ብርድ ልብስ ሲወድ፣ ጉልበታቸውም ሲከዳቸው ሥራውን ተዉት። ያን የፋብሪካ ብርድ ልብስ የማመርተው ደግሞ እኔ ነኝ። አንድ ቀን፣ "እኔ በዓመት የማልጨርሰውን አንቺ በአንድ ፈረቃ ታወጪዋለሽ" አሉኝ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልገባኝም፤ አልጠየቅኩምም። በእኛ ቤት አይጠየቅም። እናቴ በነበረች ጊዜ የሁለታችንንም ወሬ እሷ ታወራልን ነበር። እሷ ስታርፍ ወሬው አብሯት ተቀበረ።

ከእናቴ ዕረፍት በኋላ አባቴን የደም ግፊት ያዛቸው። ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሰጥተው ጠዋትና ማታ እንዲለኩ አዘዙ። መለኪያውን እኔ ገዛሁ፤ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ራሱ ነፍቶ ራሱ ቁጥር የሚያወጣው ዓይነት። እሱም የሚጎርሰው ልክ የጌሟን ዓይነት ድንጋይ ነው፣ አራት። ቁጥሩን የሚጽፉበት ደብተርም ገዛሁላቸው። አባቴ ቁጥር ይወዳሉ፤ መቁጠር የማይችል ሸማኔ ድሩ ይጠፋበታል። ቀኑን፣ የላይኛውን፣ የታችኛውን እየለዩ በጥንቃቄ ይጽፉ ነበር። በሐኪም ፊት ከእኔ ይልቅ እሳቸው በደብተሩ ይኮሩበት ነበር።

በየአሥራ አምስት ቀኑ አርብ ከሰዓት እመጣለሁ። "እንዴት ሰነበቱ፣ ገብሱ እንዴት ነው፣ በጎቹስ" ካልኩ፣ እሳቸውም "ደህና፣ ይመስገነው" ካሉ በኋላ ወሬው ያልቅና ሁለታችንም ከገደሉ ሥር የሚወጣውን ጉም እናያለን። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ቁጭ ማለት የማልችል ሰው ነኝ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ እግሬን ይበላኛል። ቤቱን እጠርጋለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ፣ ከዚያ የመሄጃ ሰበብ እፈልጋለሁ። ስነሳ አባቴ "እደሪ" ብለውኝ አያውቁም። ብድግ ይሉና የሱፍ ሻርፔን ከግድግዳው ምስማር ላይ ያወርዳሉ፤ ሥራቸውን ሊተዉ ሲሉ ከተረፋቸው ሱፍ ራሳቸው የሠሩልኝ ነው። አንዴ አራግፈው በእጄ ይሰጡኝና፣ "መኪና እንዳያመልጥሽ" ይላሉ። ሁልጊዜ ይህችው ናት። እኔም የራሴን ጥድፊያ የእሳቸው ግፊያ አድርጌ ዳገቱን እወጣለሁ።

ጌሟን መጀመሪያ ያወጣሁ ዕለት አባቴ ምድጃው ዳር ነበሩ። ድምፅዋን ሲሰሙ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"ምንድን ነው የሚንጫጫው?"

"ጌም ነው አባባ፤ መጫወቻ።"

"የማን?"

"የኔ።"

ከዚያ በርጩማቸውን አንስተው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ትንሽ አዩና እጃቸውን ዘረጉ።

"እሱን ቀጥ ያለውን ወደዚያ ጥግ አትጨምሪውም?"

ጨመርኩት፤ ልክ ገባ።

"ኧረ ቀዳዳ ተውሽ! እዚያ፣ እዚያ! እንዲህ እየሠራሽ ነው ሕዝቡን የምታለብሺው?"

ወዲያው አንዱ ረድፍ ሞላና ብልጭ ብሎ ጠፋ። አባቴ ደነገጡ።

"የት ሄደ?"

"ከሞላ ይጠፋል።"

"ሞልቶ የሚጠፋ ከሆነ ታዲያ ምኑን ሠራሽው?"

"ነጥብ ይሰጠኛል።"

"ነጥቡ ይለበሳል?"

ሳቅኩ። እሳቸውም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። አባቴን ካሳቅኳቸው ስንት ዓመት እንደሆነኝ ማስታወስ አልቻልኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታው የጋራ ሆነ። ጌሟን ግን አይነኳትም፤ "እጄ ሸካራ ነው፣ እሰብራታለሁ" ይላሉ። እኔ እጫናለሁ፣ እሳቸው ያዛሉ። ዓይናችን መስኮቷ ላይ ሲተከል አፋችን ተፈታ። እናቴን እንዴት እንዳገቧት፣ ሽማግሌ ሲልኩ አባቷ እንዴት ሁለት ጊዜ እንደመለሷቸው የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። "እንቢ ቢሉኝም ባናዬን ግን ገዙኝ፤ እሱን ለብሰው ነው እሺ ያሉት" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከጌሟ ሳይነቅሉ። ፊት ለፊት ሆነን ያልቻልነውን ጎን ለጎን ሆነን ቻልነው። እኔም ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው፤ ትዳሬ እንዴት እንደፈረሰ። "ሆድ ይፍጀው" ብለው ዝም ያስብሉኛል ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

ድንጋዩ ሲያልቅ ግን እኔም አልቃለሁ። ጌሟ ስትገረጣ ያ የእግሬ ማሳከክ ይመጣል። "እንግዲህ አባባ..." ስል ይነሳሉ፤ ሻርፑ ይወርዳል፤ ይራገፋል። እዚያ ባለች ሱቅ ድንጋይ ይሸጣል፤ የሱቋ ድንጋይ ግን ገና ስታስገባው የሞተ ነው። ደህናውን የምገዛው ከደብረ ብርሃን ነው። ሁለት ጥንድ ገዝቶ መምጣት ምን ይከብዳል? አይከብድም። እውነቱ፣ አንድ ጥንድ ብቻ ሳመጣ የመሄጃዬ ሰዓት አብሮኝ ይመጣ ነበር። ይህን አሁን ነው የማውቀው፤ ያኔ ረሳሁ እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ የገብሱ አጨዳ ሳይጀመር፣ አዲስ ጥንድ ይዤ መጣሁ። ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ ለማወቅ ብዬ ሁለቱም ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አደረግኩባቸው። ፋብሪካ ውስጥ ነገር ሁሉ ምልክት ሲደረግበት ስለምውል ልማድ ሆኖብኝ ነው። ቅዳሜ ረፋድ ጌሟ እንደ ወትሮዋ ገረጣች። ለመሄድ ከመነሳቴ በፊት ውኃ ልቅዳላቸው ብዬ ወደ ምንጭ ወረድኩ። ስመለስ አባቴ ጌሟን በሁለት እጃቸው ይዘው ምድጃው ዳር ቆመዋል።

"ብርድ ነው የያዛት እንጂ አላለቀችም። አሞቅኳት፤ እስቲ ሞክሪያት።"

ሞከርኳት። ድምፅዋ ጥርት፣ ቅርጾቹ ጥቁር ብለው ወጡ። አባቴ በርጩማቸውን ሳብ አደረጉ። ያን ቅዳሜ አልሄድኩም፤ እሑድም የሄድኩት በመጨረሻው መኪና ነው።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ጌም አላለቀችም። ገና መገርጣት ስትጀምር አባቴ ይቀበሉኝና፣ "ተያት፣ ትሙቅ" ይላሉ። እኔ በጎቹን ውኃ አጠጥቼ ወይ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ ነፍስ ዘርታ ትጠብቀኛለች። አንድ ጊዜ ሰኞንም ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁ። ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ጌሟ የማን እንደሆነች ሳልናገር፣ ስለ ድንጋዩ ጉራ ነዛሁባቸው፤ "ሁለት ወር ሞላው!" እያልኩ። ሦስት ሴቶች ድንጋዩን ከገዛሁበት ሰውዬ ዘንድ ሄደው እንዲገዙ አድርጌአለሁ። የእነሱ በሳምንቱ አለቀ። "እናንተ አያያዝ አታውቁም" አልኳቸው።

በዚህ መካከል ሬዲዮው ዝም አለ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ዜና ሳይሰሙ ቁርስ የማይቀምሱ ሰው ናቸው።

"ምነው ሬዲዮውን ዘጉት?" አልኳቸው።

"ወሬው ሰለቸኝ። ጦር፣ መንገድ መዘጋት፣ ጦር... ምን ይሰማል?"

እውነት መሰለኝ። በዚያ ሰሞን ወሬ ያልሰለቸው ማን ነበር? የግፊቱን ደብተርም እጠይቃቸው ነበር፤ ለአባቴ ደንታ ቢስ ነበርኩ አልልም። ይሰጡኛል፤ አንድ እጄ ጌሟ ላይ እንዳለ በሌላው እገልጣለሁ። መቶ ሠላሳ በሰማንያ። መቶ ሃያ ስምንት በሰማንያ። መቶ ሠላሳ በሰማንያ። "ጎሽ አባባ" እላቸዋለሁ። "ቁጥሩ እንዲህ ካማረ ጤና ጣቢያ ድረስ ምን ያንከራትተኛል?" ሲሉኝም እሺ አልኩ። ቀጠሮ አለፈ፤ ሌላም አለፈ። እኔ ረድፍ እየሞላሁ ነበር።

ጎረቤታችን የደወለችልኝ ረቡዕ ጠዋት፣ ፈረቃ ስረከብ ነው። አባቴ በጎቹን ሊያወጡ በር ላይ እንደቆሙ ወድቀዋል፤ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ አፋቸው ተጣሟል። የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ያን ዳገት አወጧቸው። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን መኪና ተገኘ። እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ ሆኜ ተቀበልኳቸው። አባቴን ተኝተው አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ እኔ ከመንቃቴ በፊት ተነስተው ነው የማገኛቸው። አጭር ሰው ሆነው ታዩኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች።

"ስትሮክ ነው" አለችኝ። "ግፊት ነበረባቸው? ቤት ይለኩ ነበር?"

"በየቀኑ! ጠዋትና ማታ!"

ጎረቤታችን ደብተሩን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ጨምራልኝ ነበር። አውጥቼ ሰጠኋት። እኔም እንደሳቸው ኮራሁበት፤ ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት እንኳ ይኮራል። ሐኪሟ ገልጣ ገልጣ አየች። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች፤ ከዚያ ወደ መጨረሻው።

"እኅቴ፣ የሰው ግፊት እንዲህ ወር ሙሉ አንድ ዓይነት አይሆንም። መለኪያው ተበላሽቶ እንዳይሆን፣ ይዘሽልኝ ነይ እስቲ።"

በማግስቱ አንኮበር ሄድኩ። ቤቱ እንደተከፈተ ነበር፤ በጎቹን ጎረቤታችን ወስዳቸዋለች። መለኪያው የተለመደው ቦታው፣ መደርደሪያው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ቁልፉን ተጫንኩት። ምንም የለም። ጀርባውን ከፈትኩት።

አራት ድንጋዮች አሉ። ሁለቱ ላይ ቀይ ነጥብ አለባቸው።

ወይ ነዶ! ምናልባት እኔ ራሴ በስህተት ቀያይሬ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ወደ በሩ ብርሃን ወስጄ አየኋቸው። አራቱም ወገባቸው ላይ ተነክሰዋል፤ አንዳንዱ ሁለት ሦስት ቦታ። ንክሻው መሐሉ ላይ ክፍተት አለው። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን የሱፍ ክር በጥርሳቸው እየበጠሱ የፊት ጥርሳቸው ተሸርፏል። ከዚያ ያንኑ ዓይነት ሁለት ድንጋይ የሚጎርሰውን ሬዲዮ ጀርባውን ከፈትኩ፤ ባዶ ነው። መጨረሻ ላይ ጌሟን ከፈትኳት። ውስጧ ያሉት ድንጋዮች ንጹሕ ናቸው፤ ቀይ ነጥብ የሌላቸው፣ ጥርስ ያልነካቸው።

ሁለት ወር የኖረ ድንጋይ አልነበረም። መጀመሪያ የሬዲዮው ድንጋይ ሄደ። እሱ ሲደክም የመለኪያው ሁለቱ፣ ከዚያ የቀሩት ሁለቱ። ያለቁት ደግሞ በምትካቸው ገብተው፣ ምናልባት ይሠራ ይሆናል ተብሎ ተነክሰው፣ ተሰጥተው፣ አልሠራ ሲል ደብተሩ በፈጠራ ቁጥር ተሞላ። ደብተሩን እዚያው ገልጬ አየሁት። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ቁጥሩ ይወጣል ይወርዳል፤ መቶ ስድሳ አለ፣ መቶ አርባ አለ። ከአንድ ገጽ በኋላ ቁጥሩ ድሩ ያልተበጠሰበት ጨርቅ ይመስላል። ያ ገጽ ሰኞን ጭምር የቀረሁበት ሳምንት ነው።

መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ አይደለም፣ ንዴት ነው። ባዶ ቤት ውስጥ ቆሜ ጮኽኩባቸው። "እደሪ" ማለት ምን ያህል ይከብዳል? "ድንጋይ ጨምረሽ አምጪ" ማለትስ? ሰው ልጁን አንድ ቃል ከሚለምን ዓይኑ እያየ ሕይወቱን ይሰጣል? ጮኼ ጮኼ ሲደክመኝ በርጩማቸው ላይ ቁጭ አልኩ። እዚያ ተቀምጦ ሲታይ በሩ ፊት ለፊት ነው፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ የሻርፔ ምስማር። እኔስ "ልደር?" ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ? ድንጋዩ ለምን አያልቅም ብዬስ አንድ ቀን ገልብጬ አይቻለሁ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ትል ነበር እናቴ፤ እኔ የቆጡንም አላወረድኩ።

ያገኘሁትን ለሐኪሟ ነገርኳት። "በዚህ ብቻ ነው የመጣው ማለት አይቻልም፤ እየተለካም የሚይዘው አለ" አለችኝ። ልታጽናናኝ ብላ ነው። አመሰገንኳት እንጂ አልተጽናናሁም። ከዚያ በኋላ አባቴ አንድ በጋና አንድ ክረምት እኔ ዘንድ፣ ደብረ ብርሃን ባለችው የኪራይ ቤቴ ኖሩ። በየጠዋቱ የምለካቸው እኔ ነበርኩ። የዚያ ጊዜ ደብተር አሁንም አለኝ፤ ቁጥሩ ያስጠላል፣ እውነተኛ ስለሆነ አልጥለውም። ያረፉት ኅዳር ላይ ነው፣ ጠዋት፣ እኔ አጠገባቸው ሆኜ።

ደጋግሜ የማስታውሰው ግን የሆስፒታሉን ስምንተኛ ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ አልተናገሩም። እኔ ጥያቄዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ ቃሉን ሁሉ እያስተካከልኩ ስምንት ቀን ይዤዋለሁ። አንደበታቸው በተፈታ ቀን "ለምን እንዲህ አደረጉብኝ?" ልላቸው። ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ፍለጋ ቦርሳዬን ስዘረግፍ ጌሟ አልጋው ላይ ወደቀች። ድንጋዮቿን አውጥቼ ከአዲስ ጥንድ ጋር መለኪያው ውስጥ ስለከተትኳቸው ባዶ ናት። አባቴ አዩዋት። በግራ እጃቸው አነሷት፤ ከዚያ ቀን በፊት ይዘው ሲጫኗት አይቻቸው አላውቅም። ቁልፏን ተጫኑ። ጠበቁ። እንደገና ተጫኑ።

"አለቀች?" አሉ። ምላሳቸው ከብዷል፤ ግን ሰማሁት።

"አለቀች፣ አባባ።"

ጌሟን ቀስ አድርገው አስቀመጧት። ዓይናቸው አንድ ነገር ይፈልግ ጀመር፤ ግድግዳውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ። ሻርፔ አልጋው ራስጌ ብረት ላይ ተንጠልጥሏል። ግራ እጃቸውን ሰደው ያዙት። ሳቡት፤ ብረቱ ያዘው፤ እንደገና ሳቡት። ልርዳቸው ብል ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በአንድ እጃቸው እንደምንም አንዴ አራገፉት። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጉት።

"መኪና... እንዳያመልጥሽ።"

ስምንት ቀን የያዝኩት ጥያቄ ከአፌ አልወጣም። ሻርፑን ተቀበልኳቸው። ዘርግቼ እግራቸው ላይ አለበስኩት፤ ዳርና ዳሩን ከፍራሹ ሥር ሸጎጥኩ። በርጩማ አልነበረም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ጎናቸው ተቀመጥኩ። በሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ድንጋዩስ?" አሉኝ።

"ድንጋዩ ይለቅ" አልኳቸው።

ትንሽ ቆይተው በሩን ማየት ተዉ። እስኪመሽ ድረስ ሁለታችንም እጃችን ላይ ምንም ሳንይዝ ተቀመጥን።